የሁለት ቤት ጦመኛ

«ዘይኑዬ! ዘይኑዬ ወንድሜ! ለማን ጥለኸኝ ሄድክ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። የሞተው ኪዳኑ ነው፤ ትናንት የቀበሩት ኪዳኑ፣ ከቦርከና ማዶ ያለውን የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ኪዳኑ። ታዲያ ዘይኑ ማነው? አንዳንዱ ሴትዮዋ ለቅሶ ቤት የተሳሳተች መሰለው። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛማ ብድግ ብሎ «እማማ፣ የማንን ቤት ፈልገው ነው?» ሊላት ነበር፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ኮቱን ጎትቶ አስቀመጠው። የሚያውቁት አንገታቸውን ደፉ፤ ደፍተው ደግሞ በጎን ተያዩ።

ሴትዮዋ ረጅም ናት፣ ሰባን የዘለለች፣ ጥቁር ሻርፕ እስከ ወገቧ የወረደላት። በአንድ እጇ ከዘራ፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ክብ ነገር ይዛለች። እያለቀሰች እንኳ ቋጠሮውን አላስቀመጠችም። ለቀስተኛውም፣ ምን ይደረግ፣ ከእንባዋ ይልቅ ቋጠሮውን ነበር የሚያየው።

ወርቅነሽ ከፍራሹ ላይ ሆና በቁመቷ አወቀቻት። ባሏ ቀሚስ ለብሶ የገባ ነው የመሰላት። ዙበይዳ ናት፣ የኪዳኑ ታላቅ እህት። ወርቅነሽ ሠላሳ ዓመት የኪዳኑ ሚስት ሆና ስትኖር ይህች ሴት አንድ ቀን ቤቷ መጥታ አታውቅም። ለሠርጓ አልመጣችም። ሲታመም አልመጣችም። ኪዳኑ ግን በየወሩ ደሴ ላይ መኪና ቀይሮ ቢስቲማ ይሄድላት ነበር፤ ሄዶ፣ አድሮ ይመለሳል። አሁን ከሞተ በኋላ ምን ልትወስድ መጣች? የወርቅነሽ የመጀመሪያ ሐሳብ ይኸ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበላት።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። በለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

«እህቱ ናት? እስላም ናት እንዴ?»

«እሱስ ምን ነበረና! ዘይኑልአቢዲን እኮ ነው ስሙ።»

«ነበረ በይ እንጂ። ተጠምቆ የለ?»

«እኔ እንጃ እናቴ። ከኛ ጋር ሥጋ ሲበላ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ሌላዋ አላየችም። ማንም አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉን ነገር አብሮ ነው የሚያደርገው፤ ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ነው። ሥጋ ሲመጣ ብቻ ትሪው ለሁለት ይከፈላል፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን እርድ፣ ሙስሊሙ የሙስሊሙን። ኪዳኑ በየዓመቱ ለህዳር ሚካኤል ሰንጋ ገዝቶ ያሳርዳል፣ ሰው እየዞረ «ብሉ እንጂ! ጨምሩላቸው!» ይላል፤ እሱ ራሱ ጥግ ይዞ ሽሮ ይበላል። ቅን የሆነው «ባሕታዊ ነው» አለ። ቅን ያልሆነው «እርዳችንን ይጸየፋል» አለ። ኮምቦልቻ ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ አልነግራችሁም።

ኪዳኑ የውሃ ሰው ነበር። የቢስቲማ ልጅ ጋምቤላ ድረስ ወርዶ ባሮ ወንዝ ላይ ሁለት ሞተር ጀልባ አቆመ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ በቆሎ፣ ሰውም ጭኖ ወደ ኢታንግ ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየህዳር ሚካኤሉ ስለሚያወራው ከተማው በቃሉ ያውቀዋል። ክረምት ነው፤ ባሮ ሞልቷል። ከተሳፋሪው መሐል ጽላት የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ ቄስ አሉ። መሐል ወንዝ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ጀልባው እንደ ሰፌድ ይሽከረከር ጀመር። ሰው ይጮኻል፣ ጆንያ ወደ ውሃው ይወረውራል። «ቁጭ በሉ! የቆመ ሰው ይገለብጠናል!» እያለ ዘይኑ ይጮኻል። ሁሉም ቁጭ አለ። ቄሱ ብቻ ቆመዋል።

«አባ፣ ይቀመጡ እንጂ! ሊጨርሱን ነው እንዴ?»

«እሱን ተሸክሜ አልቀመጥም ልጄ። ከከበድኩህ ግፋኝ።»

አልገፋቸውም። ጀልባው ዞሮ ዞሮ የወደቀ ግንድ ላይ ተሰክቶ ቆመ፤ አንድም ሰው አልሞተም። «እኔ ውሃ አልፈራም» ይል ነበር ኪዳኑ ሲጨርስ። «ያን ቀን የፈራሁት ሰውዬውን ነው። ሞት መጥቶ ጉልበቱ ያልታጠፈ ሰው አይቼ አላውቅማ።» ክረምቱ ሲወጣ ተጠመቀ፣ ጀልባዎቹን ሸጠ፣ ኮምቦልቻ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን መሠረት ቆፈረ። በዚያው ዓመት ወርቅነሽን አገባ።

ሐሜቱ እንግዲህ በዚህች ቀዳዳ ነው የገባው። ግማሹ ሰው «በወንዙ ምክንያት ተጠመቀ» አለ፤ ግማሹ «በወርቅነሽ ምክንያት ተጠመቀ»። ያን ጊዜ መልኳ የሚያስጠምቅ ነበር፤ ይኸ እንኳ ሐሜት አይደለም። ሥጋ ለምን እንደማይበላ ስትጠይቀው «ለሚካኤል ተስያለሁ» አላት። አመነችው። ጥቂት ዓመት አምናው ኖረች።

ከዚያ አንድ ቀን ልብስ ልትገዛ ደሴ ወጣች። ሰኞ ገበያ ግርግሩ መሐል የባሏን ራስ ከሰው ሁሉ በላይ አየችው። ልትጠራው አፏን ከፍታ ሳለ ግድግዳው ላይ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት ሥጋ ቤት ገባ። ዳቢት አስቆረጠ፣ ጎድን አስጨመረ፣ በፌስታል አስጠቅልሎ ወደ ቢስቲማ መኪና ሄደ። ወርቅነሽ አልጠራችውም። በማግስቱ ሲመለስ «እህትህ ምን አበላችህ?» ብቻ አለችው።

«ሽሮ» አላት፣ ጫማውን እያወለቀ።

ሽሮ! አንጀቷ ቅጥል አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብሱን አጠበች፣ ሲያመው አስታመመች፣ ሰው ሲያማው ተጣላችለት፤ በሆዷ ግን አንዲት ነገር ቋጥራ ያዘች። ይኸ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ክርስቲያን ነው፣ ቢስቲማ ላይ እስላም ነው። ታዲያ እኔን ያገባኝ የትኛው ነው? አንድ ቀን አልጠየቀችውም። ቢነግራትስ? ይኸው ሳትጠይቀው አመለጣት።

ከሰዓት በኋላ አቶ በላቸው መጡ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ከኪዳኑ ጋር ድንጋይ ያመላለሱ ሰው። አጠገቧ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ቆዩ።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ እኒህ ሴትዮ ነገም እዚህ ናቸው?»

«ነገ ሠልስቱ አይደል? የት ይሂዱ?»

«እሱማ ልክ ነው፣ እህት ናቸው፣ ነውር የለበትም። ግን ሰው ዘይኑ ዘይኑ ሲባል ሰምቷል። ጉባኤው ውስጥ ያሉትን አዲሶቹን ልጆች ያውቋቸዋል። ‹ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የቀበርነው በእውነት ማንን ነው?› እያሉ ነው። ሐውልቱም እስኪጣራ ይቆይ ብለዋል።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

አቶ በላቸው ባርኔጣውን ማዞር አቆሙ። «እኔ ምን እላለሁ? አብሬው ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። አብሬው ሥጋ ግን በልቼ አላውቅም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬውኑ በኮንትራት መኪና ቢሸኟቸው ወሬው እዚሁ ይቀራል። ነገ ፍትሐቱ ላይ እዚያ ቆመው ዘይኑ ካሉ ግን እኔም ልመልሰው አልችልም» አሏት።

ወርቅነሽ ተነስታ የኪዳኑ የነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ አባ አራጋው ሄደች። ከድንኳኑ ጀርባ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ባሌ ክርስቲያን ነበር?»

አባ አራጋው ቀና ብለው አዩዋትና መስቀላቸውን አገላበጡ። «ልጄ፣ ለኔ የነገረኝ በኑዛዜ ነው፣ ለእግዜር የተነገረ ነው። ምንም አልልሽም።»

ደንቡ እንደሆነ ታውቃለች። ግን አንዲት «አዎ» ምን ነበረባት? ንጹሕ ነገር ቢሆን «አዎ» አይሉም ነበር? ዝምታቸው ከአቶ በላቸው ንግግር በላይ አስፈራት። ወደ ጓዳ ገባች። ሴትዮዋን ትሸኛለች፤ ቆርጣለች።

ዙበይዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮውን ፈትታዋለች። የወጣው ጥቁር የሸክላ ድስት ነው፤ ትንሽ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ጠርዙ የተሸረፈ።

«ነይ ወርቅነሽ። ይኸን ላንቺ ነው ያመጣሁት። የሱ ነው። ከእንግዲህ እኔ ቤት ማን ይበላበታል?»

«ሥጋውን የሚበላበት ነው?»

ቃሉ አመለጣት። አንዴ ካመለጠ ደግሞ የቀረውን ማን ይመልሰው!

«እትዬ ዙበይዳ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሰኞ ገበያ ላይ ከእስላም ሥጋ ቤት ዳቢት አስቆርጦ ወደርስዎ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እኔ ቤት ፋሲካ አይል፣ ገና አይል፣ ሽሮ! እርስዎ ቤት ሥጋ! ሲያሞኘኝ ኖሮ ኖሮ ሲሞት ደግሞ ድስቱን ይዘውልኝ ይመጣሉ?»

ዙበይዳ አፏን ከፍታ አየቻት።

«ምን አልሽ? እናንተ ቤት ሥጋ አይበላም?»

«በልቶ አያውቅም።»

«ለሚካኤል የሚጥለው ሰንጋስ?»

«ለሰው ነው። እሱ ሽሮውን ይዞ ይቀመጣል።»

«ወላሂ በይ።»

«ሚካኤልን!»

«ሱብሃነላህ!» ዙበይዳ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችው። «እኔ እኮ እናንተ ቤት ይበላል ብዬ ነው ተቀይሜ የኖርኩት! ሥጋውን ይዞልኝ ይመጣል፣ እውነትሽን ነው። እሠራዋለሁ፣ ለልጆቼ አቀርባለሁ፣ ‹ብላ› ስለው ‹ሽሮዬን አምጪልኝ› ይለኛል። የክርስቲያኑን ለምዶ የኔ ቀፎት ነው ብዬ አንድ ቀን እንደውም ትሪውን ከፊቱ አንስቼበት ወጥቻለሁ። እናንተ ቤት ያልመጣሁት ለምን መሰለሽ? ካንቺ ጋር ሲበላ ላለማየት ነው እኮ! ይኸ ድስት ሥጋ ነክቶት አያውቅም። የኛ ቅባት እንዳይነካበት ብዬ ለብቻው ገዝቼለት ነው። የሱን ጦም ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ ወርቅነሽ፤ እኔ ዙበይዳ።»

ይህን ያህል ዓመት የኖረ ጥርጣሬ በአንድ ቃል ውልቅ ብሎ አይሄድም። ወርቅነሽ «ትዋሽ ይሆን?» ብላ ፊቷን በደንብ መረመረችው። እዚያ ያየችው ግን ቂም ነው፤ የራሷን ቂም። ያው ሽሮ፣ ያው «ብላ»፣ ያው እምቢታ። እንዲህ ያለ ቂም ደግሞ በውሸት አይመጣም። አልጋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ለምንድነው ታዲያ?»

«ተጠምቆ ቢስቲማ የመጣ ዕለት አባታችን ፊቱን አዙሮ ወጣ። እናታችን ግን አልተቆጣችም። ‹ከአላህ ጋር ያለህ ጉዳይ ያንተ ነው ልጄ› አለችው። ‹ግን ከእንግዲህ የኔን የሥጋ ወጥ ትተህ የሌላዋን ልትበላ ነው› ብላ አለቀሰች። ከሁሉ ነገር ያስለቀሳት ወጧ ነው። እግሯ ላይ ወድቆ ‹ያንቺን ካልበላሁ የማንንም አልበላም› አላት። ሊያባብላት ነው ያልነው። እሷም ኖራ ኖራ ሞተች። ከሞተችም በኋላ ይጠብቀዋል ብሎ ማን ይገምታል?»

«እኔን ለሚካኤል ተስያለሁ ነው ያለኝ።»

«ለሁለቱም ይሆናል።»

«ወይ አንዳችንን ዋሽቶናል።»

«ዋሽቶ ይሆናላ። ምን ታረጊዋለሽ፣ ሞቷል።»

ወርቅነሽን ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። «ስንት ፋሲካ! እኔ ብቻዬን ዶሮዬን ይዤ፣ እሱ አይብና ቃሪያ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ! ሳኝክ ያየኝ ነበር እኮ። አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እኔስ አብሬው መጦም አቅቶኝ ነው? ጨካኝ!» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከዚያ አውጥታ የፈራችውን ጠየቀች።

«እትዬ፣ ክርስቲያን ነበር? የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ።»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» ዙበይዳ ራሷን ነቀነቀች። «ስንት ጊዜ ተመለስ ብዬዋለሁ። አልቅሼ፣ በናታችን መቃብር ለምኜዋለሁ። ‹ያየሁትን አይቻለሁ እህቴ› ይለኛል። አርብ እኔ ጋ ከዋለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እናደዳለሁ። ሲበላ አማትቦ ነው፣ ልጆቼ እያዩት። አዎ፣ ወንድሜ ክርስቲያን ነበር። ይኸን ስናገር ደስ ብሎኝ መሰለሽ?»

ከበሩ ውጭ አቶ በላቸው ይጠብቃሉ። የኮንትራት መኪናውን ሹፌር ስልክ ቁጥር በእጃቸው ይዘዋል።

«ነገ ከኔ ጋር ናቸው» አለቻቸው ወርቅነሽ፣ ሳትቆም አልፋቸው።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ላይ ፍትሐቱ ተደረገ። ዙበይዳ ከወርቅነሽ ጎን ቆማ፣ ከዘራዋን ተደግፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሰው ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም። የጉባኤው ወጣቶች አንድ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። አንዱ ለአቶ በላቸው በጆሯቸው የሆነ ነገር ሲላቸው ወርቅነሽ አየችና ወደነሱ ተራመደች።

«ይጣራ ብላችኋል አሉ። ይኸውላችሁ። ሕይወቱን ሙሉ ተመለስ እያሉ የለመኑት እህቱ ናቸው። ከሳቸው የበለጠ ምስክር ካላችሁ አምጡ።»

ዙበይዳ ንግግር የምታደርግ መስሎ ሁሉም ጆሮውን አቆመ።

«እምቢ አለኝ» ብቻ አለች። «ወላሂ፣ እምቢ እንዳለኝ ሞተ።»

ከዚያ በኋላ ማልቀሷ ድምፅ አወጣ። ከሷ ቀጥሎ ሌላ ሴት፣ ከዚያ ሌላ። አባ አራጋው መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አሁንም ዝም ነው ያሉት፣ ፊታቸው ግን ፈታ ሲል ወርቅነሽ አይታዋለች። አቶ በላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ዙበይዳ ቀረቡ። «አላህ ያጥናዎት እማማ» አሉ። ስለ ሐውልቱ ያን ቀን ያነሳ የለም።

ቤት ሲመለሱ ምሳ ደርሷል። ከሩቅ ለመጣው ዘመድ ሁለት በግ ታርዷል፤ አንዱን ክርስቲያን ጎረቤቶች፣ አንዱን ሙስሊም ጎረቤቶች። እንደ ደንቡ ሴቶቹም ድንኳኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተለያይተው ተቀመጡ። ጎረቤቷ መሲ ትሪ ይዛ መጥታ ወርቅነሽ ፊት አኖረች።

«እትዬ ወርቄ፣ ይኸው፣ ሥጋው ጠንካራ አይደለም፣ ለስላሳውን መርጬልዎ ነው። በሞቴ ይቅመሱ።»

ወርቅነሽ ትሪውን አየችው። ተነሳች፣ አንስታ ወስዳ አቶ በላቸው ፊት አስቀመጠችው።

«እንኩ፣ እርስዎ ይብሉልኝ። ኪዳኑ አብሮዎት ባይበላም መጋበዝ ይወድ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

«መሲ፣ ሽሮ አለ?»

«አለ እትዬ፣ ግን ዛሬ እሑድ ነው፣ የምን ሽሮ…»

«አምጪልኝ። ለሁለት ሰው አድርጊው።»

ድንኳኑን አቋርጣ ወደ ሙስሊሞቹ ሴቶች ሄደች። ዙበይዳ የቀረበላትን ትሪ ሳትነካው ተቀምጣለች። ወርቅነሽ ከምታስታጥበው ልጅ እጅ ጆጉን ተቀበለች፣ ማስታጠቢያውን በግራ እጇ ያዘችና ጎንበስ አለች።

«ኧረ ተይ! አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ልጆቹ አሉ አይደል?» አለች ዙበይዳ።

«እጅዎን ያምጡ እትዬ።»

ዙበይዳ እጇን ዘረጋች። ውሃው ግማሹ ማስታጠቢያው ውስጥ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ወረደ። ዙበይዳ ታጥባ ስትጨርስ እጇን ሳታደርቅ ጆጉን ከወርቅነሽ ተቀበለቻትና በተራዋ አስታጠበቻት።